ቃላትን ሲፈታ የኖረ ሰው፦ የዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን የሕይወት ታሪክ

መዝገበ ቃላት ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው ደረቅና ከባድ መጽሐፍ ነው። ተማሪ ሲቸግረው ይገልጠዋል፤ የፈለገውን ቃል ካገኘም በኋላ ወዲያው ይዘጋዋል። መዝገበ ቃላት ይዞ ሲስቅ የተገኘ ሰው ቢኖር ጓደኞቹ ምን ነካው ማለታቸው አይቀርም። ነገር ግን የዛሬ 270 ዓመት ገደማ በለንደን ከተማ የታተመ፥ ሊቃውንት በቁም ነገር የመረመሩት፥ አንባብያንም እስከ ዛሬ የሚስቁበት አንድ ታላቅ መዝገበ ቃላት አለ። ያዘጋጀውም ሰው ዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን ይባላል። ይህ ሰው ከ42 ሺህ በላይ የሚሆኑ ቃላትን እየመረመረ ሲፈታ በመካከላቸው ጥቂት የቀልድ፥ የአሽሙርና የቁጣ ፍች ጣል ጣል አድርጎባቸዋል።

ውድ ወጣት አንባብያን! ላልታወቀ ቃል የጨዋታ ፍች መስጠት በእኛም ዘንድ የተወደደ ነገር ነው። አንዱ ከበድ ያለ ቃል ይጥላል፤ ሌላው ትርጉሙን ከራሱ ፈጥሮ ይመልሳል፤ ቤቱም በሳቅ ይሞላል። ይሁን እንጂ የቃል ፍች የሚሰጥ ሰው በአንድ በኩል ፈራጅ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ቃሉን ብቻ ሳይሆን በቃሉ የሚጠራውን ሰው ጭምር ይመዝናል። የመዘነበትም ሚዛን አንድ ቀን ወደ ራሱ መመለሱ አይቀርም። የጆንሰን ሕይወት ይህን በሚገባ ስለሚያስረዳ ታሪኩን ባጭሩ እንመልከት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደቱና አስተዳደጉ

ሳሙኤል ጆንሰን በሴፕቴምበር 18 ቀን 1709 በእንግሊዝ አገር ሊችፊልድ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሚካኤል ጆንሰን መጽሐፍ ሻጭ ነበር፤ እናቱ ሣራም እርሱን ስትወልድ ዕድሜዋ 40 ደርሶ ነበር። ሕፃኑ ገና በጡት ሳለ የአንገት እጢን የሚያሳብጥና የሚያቆስል በሽታ ያዘው። በሽታው ፊቱን አጠለሸው፤ የዓይኑንም ብርሃን እጅግ አደከመው። በዚያን ዘመን ይህን በሽታ የንጉሥ እጅ ሲነካው ይፈወሳል ተብሎ ይታመን ስለ ነበር በ1712 እናቱ ወደ ለንደን ወስዳ ንግሥት አን እንድትዳስሰው አደረገች። ሕፃኑ አልዳነም፤ ንግሥቲቱ በአንገቱ ያሰረችለትን የወርቅ ምልክት ግን ዕድሜውን ሙሉ አልተለየውም።

ጆንሰን ካደገ በኋላም ሰውነቱ ሳያስበው ይወራጭ ነበር፤ እጁና ራሱ ይንቀጠቀጡ፥ አንደበቱም ራሱ ያላዘዘውን ድምፅ ያወጣ ነበር። ከዚህም በላይ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ነበረበት። ብቻውን መሆንን እጅግ ይፈራ ነበር። እንግዲህ በኋላ ዘመን የሰው ሁሉ ሳቅ ምንጭ የሆነው ይህ ሰው በተፈጥሮው ደስተኛ አልነበረም ማለት ነው። ቀልዱ ከጥጋብና ከድሎት የመጣ ሳይሆን ኀዘኑን የሚያባርርበት በትር ነበር።

በአባቱ መደብር የነበሩትን መጻሕፍት አንድ በአንድ እያወረደ ስላነበበ በ1728 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ፥ ፔምብሮክ ኮሌጅ ሲገባ መምህራኑ በዕውቀቱ ተደነቁ። ግን ገንዘብ አልነበረውም። ጫማው አልቆ ጣቶቹ ይታዩ ነበር። አንድ ሰው አዝኖለት አዲስ ጫማ በበሩ አስቀምጦለት ቢሄድ ጆንሰን እንደ ስድብ ቆጥሮት ወረወረው። ከ13 ወር በኋላም ትምህርቱን ሳይጨርስ፥ ማዕርግ ሳይቀበል ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በዚያን ጊዜ አንድ ሌላ ነገር ተደርጓል። አባቱ በገበያ ቀን ዩቶክስተር ወደምትባል ከተማ እየሄደ በመደብ ላይ መጻሕፍት ይሸጥ ነበር። አንድ ቀን ስለ ታመመ ልጁ በእርሱ ፈንታ እንዲሄድለት ለመነው። ጆንሰን የኦክስፎርድ ተማሪ የነበረ ሰው በገበያ መካከል መቆም ውርደት መሰለውና አልሄድም አለ። አባቱ በ1731 ሞተ። ይህን ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

አገራችንን በመጽሐፍ ያወቀበት ጊዜ

የሚገርመው የጆንሰን የመጀመሪያ መጽሐፍ ስለ ኢትዮጵያ የሚናገር ነበር። ከ1625 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በአገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊው የኢየሱሳውያን ካህን ጄሮኒሞ ሎቦ የጻፈውን የጉዞ ታሪክ ጆንሰን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ በ1735 አሳተመው። ሥራውን የጀመረው ጭንቀቱ በጸናበት ጊዜ ስለ ነበር አልጋው ላይ ተጋድሞ ቃሉን ይናገራል፥ ጓደኛው ኤድመንድ ሄክተር ይጽፍለታል። ለድካሙ የተከፈለው አምስት ጊኒ ብቻ ነበር፤ ጊኒ ማለት ከፓውንድ በጥቂቱ የሚበልጥ የወርቅ ገንዘብ ነው።

በመጽሐፉ መቅድም ላይ ሎቦ ተአምርና ተረት ሳያበዛ ያየውን በመናገሩ አመሰገነው። ነገር ግን የሰላምን ሃይማኖት በሰይፍና በደም መፍሰስ ለማስፋት የሚሞክሩትን ሰዎች ነቅፎ ጽፏል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በአገራችን የፈሰሰውን ደም የሚያስታውስ አንባቢ የ25 ዓመቱ ጆንሰን ምን ለማለት እንደ ፈለገ ይረዳዋል።

በዚያው ዓመት ኤልሳቤጥ ፖርተር የምትባል የ46 ዓመት ባልቴት አገባ። ሰው ቢስቅበትም እርሱ ከልቡ ይወዳት ነበር። ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ተማሪ ግን ጥቂት ሆነባቸውና ተዘጋ። በ1737 ጆንሰን፥ ኋላ የእንግሊዝ ታላቅ ተዋናይ ከሆነው ከተማሪው ከዴቪድ ጋሪክ ጋር ለንደን ገባ። በዚያም ለጋዜጣና ለመጽሔት እየጻፈ ኖረ። አንዳንድ ሌሊት የቤት ኪራይ ስለሌለው ሪቻርድ ሳቬጅ ከሚባለው ድኻ ባለ ቅኔ ጋር እስኪነጋ በጎዳና ሲዞር ያድር ነበር።

ታላቁ ሥራ

በ1746 የለንደን መጽሐፍ ነጋዴዎች ተባብረው ጆንሰን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጅላቸው በ1,575 ፓውንድ ተዋዋሉ። ወረቀቱን፥ የጸሐፊዎቹን ደመወዝና ሌላውን ወጪ ሁሉ ከዚሁ ገንዘብ የሚችለው ራሱ ነው። ጆንሰን ሥራውን በሦስት ዓመት እጨርሳለሁ አለ። አንድ ወዳጁ የፈረንሳይ አካዳሚ 40 ሊቃውንት ይህንኑ ሥራ በ40 ዓመት እንደ ፈጸሙት ቢነግረው፥ አርባ በአርባ ሲባዛ 1,600 ይሆናል፤ እንግዲያስ የአንድ እንግሊዛዊና የአንድ ፈረንሳዊ ልክ እንደ ሦስትና እንደ 1,600 ነው ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ጥሩ ነበር። ሥራው ግን ሦስት ዓመት ሳይሆን ዘጠኝ ዓመት ፈጀበት።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ጎፍ አደባባይ በሚባል ስፍራ ቤት ተከራይቶ ከጣሪያው ሥር ባለው ሰፊ ክፍል ውስጥ ስድስት ጸሐፊዎች አስቀመጠ። ከእነርሱም አምስቱ የስኮትላንድ ሰዎች ነበሩ። ጆንሰን የታወቁ ደራስያንን መጻሕፍት እያነበበ፥ የሚፈልገውን ቃል በእርሳስ ያሰምርበትና የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል በጠርዙ ላይ ይጽፋል። ጸሐፊዎቹ ያን ቃል የያዘውን ዓረፍተ ነገር በቁራጭ ወረቀት ይገለብጡታል፤ ከዚያም በፊደል ተራ ይሰበስቡታል። ጆንሰን ምስክሮቹን ሁሉ ፊት ለፊቱ ደርድሮ የቃሉን ልዩ ልዩ ትርጉም በቍጥር እየለየ ይጽፋል። መውሰድ ለሚለው ግሥ ብቻ ከ130 በላይ ልዩ ልዩ ፍች ሰጥቷል። በጠቅላላው ወደ 114 ሺህ የሚሆን ምስክር ከመጻሕፍት አውጥቷል። ቃል የሚፈታው በግምት ሳይሆን ደራስያን በሠሩበት መንገድ ነው ማለት ነው።

በ1752 ሥራው ገና በመካከል ላይ ሳለ ሚስቱ ሞተች። ኀዘኑ ሊሰብረው ደረሰ። ሆኖም በአፕሪል 1753 ሁለተኛውን ክፍል ሲጀምር አጭር ጸሎት ጽፏል፤ ይኸውም እስከዚያ የደገፈው አምላክ ሥራውን እንዲያስፈጽመውና በመጨረሻው ቀን ስለ ተሰጠው መክሊት ሲጠየቅ ምሕረትን እንዲያገኝ የሚለምን ነው። መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ለእርሱ የእንጀራ ሥራ ብቻ አልነበረም።

መጽሐፉ በአፕሪል 15 ቀን 1755 በሁለት ትላልቅ ጥራዞች ታትሞ ወጣ። ኦክስፎርድም ተማሪ ሳለ ያላገኘውን ማዕርግ በዚያው ዓመት ሰጠው።

የጨዋታ ፍቾቹ

አሁን ወደ ጨዋታው እንግባ። ከሺዎቹ ፍች አብዛኛው ጥንቁቅና ቁም ነገር ያለበት ነው፤ ቀልዱ እንደ ጨው ጥቂት ነው። ጆንሰን ከሁሉ በፊት ያላገጠው በራሱ ላይ ነው። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሚለውን ቃል ሲፈታ፥ ማንንም የማይጎዳ ምስኪን ለፍቶ አዳሪ አድርጎ አቅርቦታል። አሰልቺ ለሚለው ቃል ምሳሌ ሲፈልግም ሌላ ሳይሻ መዝገበ ቃላት የማዘጋጀትን ሥራ ጠቀሰ። ግረብ ስትሪት የሚባለውን የለንደን መንገድ ደግሞ የጥቃቅን ታሪክ፥ የመዝገበ ቃላትና የዕለት ግጥም ጸሐፊዎች መኖሪያ ብሎ ሲገልጸው ራሱንም ከእነዚያ ድኾች ጋር መቍጠሩ ነበር።

ሁለተኛው ወገን ሰዎች የማያውቋቸው እንግዳ ቃላት ናቸው። አናቲፈረስ የሚል አስፈሪ ቃል አለ፤ ፍቹ ዳክዬ የሚያፈራ ማለት ብቻ ነው። በጥንት ዘመን ከዛፍ ላይ ወፍ ይፈለፈላል ብለው የሚያምኑ ስለ ነበሩ ቃሉ ያስፈልግ ነበር። ታራንቱላ የተባለችውን ሸረሪት ሲፈታ፥ ንክሻዋን ከዘፈንና ከሙዚቃ በቀር የሚያድነው መድኃኒት እንደሌለ ጻፈ። በዚያ ዘመን የውሻን ምላስ ከሥሩ ቈርጦ አንድ ነገር የማውጣት ልማድ ነበር። ጆንሰን የዚህን ልማድ ስም ሲፈታ፥ የሚወጣው ነገር ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ውሻውን ከእብደት ይጠብቀዋል ቢባልም ምክንያቱን የሚናገር አልተገኘም በማለት ልማዱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አፈረሰው። መረብ የሚለውን ሕፃን የሚያውቀውን ቃል ግን እጅግ በከበዱ የላቲን ቃላት ስለ ፈታው፥ ፍቹን ለመረዳት ሌላ መዝገበ ቃላት ያስፈልጋል እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል።

አንዳንድ ቃል ሲገጥመው ደግሞ ትርጉሙን አላውቀውም ብሎ በግልጽ ጽፏል። ትሮልሚዴምስ የሚለው ቃል እንዲህ ታልፏል። የፈረስን እግር አንድ ክፍል ከጕልበቱ ጋር አምታቶ ስለ ፈታው አንዲት እመቤት ለምን እንዲህ እንዳደረገ ብትጠይቀው፥ ካለማወቅ ነው፥ ከፍጹም አለማወቅ ብሎ መለሰላት። ከሊቅ የሚጠበቀው ረዥም ማመካኛ ነበር፤ እርሱ ግን በአንድ ቃል ጨረሰው።

ሦስተኛው ወገን የሚቈጠቍጠው ነው። አጃን ሲፈታ በእንግሊዝ አገር ለፈረስ እንደሚሰጥ፥ በስኮትላንድ ግን ሰው እንደሚቀለብበት ጻፈ። ኤክሳይዝ የተባለውን ግብር በሰው ዘንድ የተጠላና በቅጥረኞች የሚገመት ክፍያ አድርጎ ሰደበው፤ የአባቱም ቤት በቆዳ ሥራ ምክንያት ከግብር ሰብሳቢዎቹ ጋር ክርክር ነበረበት። ሹማምንቱ ተቈጥተው የሕግ ባለሥልጣኑን ዊልያም መሪን ቢያማክሩት፥ ስም ማጥፋት ነው፤ ነገር ግን ፍቹን እንዲያርም ዕድል ቢሰጠው ይሻላል አላቸው። ክስም አልተመሠረተም። ከቤተ መንግሥት የሚሰጠውን ጡረታ፥ በእኛ በጥንቱ አነጋገር ድርጎ የምንለውን ደግሞ፥ አገሩን ለሚከዳ የመንግሥት ቅጥረኛ የሚከፈል ዋጋ ብሎ ፈታው። ይህ የመጨረሻው ፍች ወደ በኋላ ጣጣ ይዞ መጣ።

ደጅ የተጠናው ጌታ

በዚያን ዘመን ደራሲ መጽሐፉን ለማሳተም የአንድ መኰንን ደጅ ይጠና ነበር። ጆንሰንም በ1747 የሥራውን ዕቅድ ለሎርድ ቼስተርፊልድ አቅርቦ ነበር። ጌትዮው አሥር ፓውንድ ሰጠው፤ ከዚያ በኋላ ግን ረሳው። ጆንሰን በአዳራሹ እየጠበቀ ብዙ ጊዜ ሳያነጋግሩት ተመለሰ። ሰባት ዓመት አለፈ። መጽሐፉ ሊወጣ ሲቃረብ ቼስተርፊልድ በጋዜጣ ሁለት የምስጋና ጽሑፍ አወጣ፤ መጽሐፉ በስሙ እንዲበረከትለት መፈለጉ ግልጽ ነበር።

ጆንሰን በፌብሩዋሪ 7 ቀን 1755 ደብዳቤ ጻፈለት። እርዳታ በሚያስፈልገው ጊዜ እንዳላገኘው፥ አሁን ሲመጣ ግን የሚያስፈልግበት ጊዜ እንዳለፈ፥ ደስታውንም የሚያካፍላት ሚስቱ እንደሌለች ያለ ስድብ፥ በጨዋ ቃል ነገረው። በመዝገበ ቃላቱም ውስጥ ደጅ የሚጠናውን ጌታ፥ አብዛኛውን ጊዜ በትዕቢት እየረዳ በውዳሴ ከንቱ የሚከፈለው ወራዳ ብሎ ፈታው። ልብ በሉ! አብዛኛውን ጊዜ የምትለዋን ቃል አልረሳትም። በተቈጣ ጊዜ እንኳ ለደግ ሰው መውጫ በር ትቶለታል። የቼስተርፊልድም ነገር ያስደንቃል፤ ደብዳቤውን በጠረጴዛው ላይ አኑሮ ለእንግዶቹ እያሳየ የአጻጻፉን ውበት ያደንቅ ነበር ይባላል።

ቃሉ ወደ ራሱ ተመለሰ

ዝና ግን እንጀራ አይሆንም። በ1756 ጆንሰን በ5 ፓውንድ ከ18 ሺልንግ ዕዳ ተይዞ ደራሲው ሳሙኤል ሪቻርድሰን ገንዘብ ልኮ አስፈታው። በ1759 መጀመሪያ እናቱ ስትሞት የቀብሯን ወጪና የቀረባትን ዕዳ ለመክፈል በአንድ ሳምንት ምሽቶች አንድ ልብ ወለድ ታሪክ ጻፈ። ይህም የኢትዮጵያው ልዑል የራሴላስ ታሪክ ነው። በወጣትነቱ ከሎቦ መጽሐፍ ያገኘው ትዝታ አልጠፋም ነበር። ልዑሉ በአማራ ምድር ነገሥታት ልጆቻቸውን በሚያኖሩበት የተድላ ሸለቆ ውስጥ ሁሉ ሞልቶለት ሳለ ደስታ ያጣል፤ ከእኅቱና ኢምላክ ከተባለ ባለ ቅኔ ጋር ወጥቶ እስከ ግብፅ ድረስ ፍጹም ደስታን ይፈልጋል፤ አያገኘውምና ወደ አገሩ ሊመለስ ያስባል። መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል።

በ1762 ንጉሥ ጊዮርጊስ ሣልሳዊ ለጆንሰን በየዓመቱ 300 ፓውንድ ጡረታ እንዲሰጠው አዘዘ። እንግዲህ ምን ይደረግ? ጡረታን የአገር ከጂ ዋጋ ብሎ በመላው እንግሊዝ ፊት ያሳተመው ራሱ ነው! ገንዘቡን ቢተው ድኽነቱ ይቀጥላል፤ ቢቀበል በገዛ ፍቹ ራሱን ይሰድባል። ጆንሰን ወደ ወዳጁ ወደ ሠዓሊው ኢያሱ ሬይኖልድስ ሄዶ ነገሩን አልደበቀም፤ ያን ፍች ከጻፍኩ በኋላ ይህን ብቀበል ይገባኛልን ብሎ አማከረው። ወዳጁም ፍቹ አንተን አይመለከትም አለው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎርድ ቢውትም የተሰጠው እስከ ዛሬ ስለ ሠራው እንጂ ወደ ፊት ለመንግሥት እንዲጽፍ አለመሆኑን አረጋገጠለት። ጆንሰን ተቀበለ። ጠላቶቹ፥ ከእነርሱም ጆን ዊልክስ፥ የራሱን ፍች እያነበቡ አላገጡበት። እርሱም ቻለው፤ የዘራው ነበርና።

ነገር ግን ገንዘቡ የት እንደ ገባ ማየት ይገባል። ቤቱ የችግረኞች መጠጊያ ሆነ። ዓይኗ የጠፋው ባለ ቅኔ አና ዊልያምስ፥ ድኾችን ያለ ዋጋ ለማከም የሚንከራተተው ሮበርት ሌቬት፥ ሌሎችም ከእርሱ ጋር ይኖሩ ነበር። ሌሊት ወደ ቤቱ ሲመለስ በየበረንዳው የተኙ ሕፃናትን ሲያይ ጠዋት ቁርስ እንዲገዙበት ሳይቀሰቅሳቸው በእጃቸው ሳንቲም ያኖር ነበር። ሆጅ ለሚባል ድመቱ እንኳ ምግቡን ራሱ ወጥቶ ይገዛ ነበር፤ አሽከሮቹ በድመቱ ምክንያት ተደክመው እንዳይጠሉት ብሎ ነው።

በጃማይካ በባርነት የተወለደውን ፍራንሲስ ባርበርን በቤቱ አሳድጎ በገንዘቡ ትምህርት ቤት አስተማረው። የባርያ ንግድን እጅግ ይጠላ ነበር። በኦክስፎርድ ሊቃውንት ማዕድ ተቀምጦ፥ በምዕራብ ሕንድ ደሴቶች ያሉ ባሮች ለሚያነሡት ለሚቀጥለው ዐመፅ ጽዋውን ማንሣቱ ተጽፏል። በዚያ ዘመን ይህን መናገር ቀላል አልነበረም።

የአጃው ቀልድም እንዲሁ ተመለሰበት። አንድ የስኮትላንድ መኰንን ፍቹን ሰምቶ፥ እንግዲያውስ እንደ እንግሊዝ ፈረስ፥ እንደ ስኮትላንድም ሰው ወዴት ይገኛል ብሎ መለሰ ይባላል። በ1763 ከጆንሰን ጋር የተዋወቀውና ኋላ በ1791 የሕይወት ታሪኩን ጽፎ ያሳተመው ጄምስ ቦዝዌል ራሱ የስኮትላንድ ሰው ነበር። ቦዝዌል በ1776 ከጆንሰን ጋር ወደ ሊችፊልድ ሲሄድ በቁርስ ጊዜ የቀረበለት ምንድን ነው? የአጃ ቂጣ! በጆንሰን የትውልድ ከተማ ሰው የፈረሱን ምግብ ሲበላ አግኝቶ በልቡ ሳቀ። መዝገበ ቃላቱን በመገልበጥ የደከሙት እነዚያ አምስት የስኮትላንድ ጸሐፊዎች ይህን ቢሰሙ እንዴት ደስ ባላቸው ነበር!

የመጨረሻው ዘመን

አሁን ወደ ዩቶክስተር ገበያ እንመለስ። አባቱ ከሞተ 50 ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ፥ እርጅናና በሽታ ሲጫነው፥ ጆንሰን ሳይናገር አንድ ቀን ወደዚያች ከተማ ሄደ። የአባቱ መደብ በነበረበት ስፍራ ባርኔጣውን አውልቆ በዝናብ ውስጥ ለረዥም ጊዜ ቆመ። ገበያተኛው እብድ መስሎት ሳያየው አልቀረም። እርሱ ግን ትዕቢቴ ያሳዘነውን አባቴን የምክስበት ሌላ መንገድ የለኝም ብሎ ነው የቆመው። ቃላትን ሲፈታ የኖረው ሰው አልሄድም የምትለዋን የገዛ ቃሉን ለመፍታት ግማሽ ምዕት ዓመት ፈጀበት።

በ1783 ሌሊት ላይ ድንገት አንደበቱ ተያዘ። አእምሮው መሄዱን ፈርቶ ወዲያው በልቡ በላቲን ቋንቋ የጸሎት ግጥም ገጠመ፤ ግጥሙ ጥሩ እንዳልሆነ ባወቀ ጊዜ ለመለየት ከቻልኩማ አእምሮዬ አለ ብሎ ተጽናና። በሞት አልጋው ላይ ሳለም እንደማይድን ሐኪሙ በነገረው ጊዜ፥ ነፍሱን ለፈጣሪው በጠራ አእምሮ ለማስረከብ ፈልጎ የሚያደነዝዘውን መድኃኒት አልወስድም አለ። በዲሴምበር 13 ቀን 1784 በ75 ዓመቱ ዐረፈ፤ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያንም ተቀበረ። በኑዛዜው ከሀብቱ የበለጠውን ክፍል ለፍራንሲስ ባርበር ተወለት፤ ይህም በጊዜው ብዙ የለንደን ሰዎችን አስቈጥቷል።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?

በቃላት መጫወት ነውር አይደለም። ሳቅ ለጆንሰን የጭንቀቱ መድኃኒት፥ ለአንባቢውም የድካሙ ማረፊያ ሆኗል። ነገር ግን ጨዋታው ሁሉ እኩል አይደለም። ለፍቶ አዳሪ ነኝ ብሎ በራሱ የሳቀበት ፍች ማንንም አላቆሰለም፤ ዘመናት አልፈው እንኳ እንደ ተወደደ አለ። ትርጉሙን አላውቀውም ያለበት ገጽ ክብሩን አልቀነሰውም። በሕዝብ ላይ የተናገረው ግን በቁርሱ ገበታ ላይ ጠበቀው፤ በጡረተኞች ላይ የፈረደው ፍርድም በራሱ ደጅ ቆሞ አንኳኳ።

እንግዲህ ወጣቶች ስንሰባሰብ ለጓደኛችን ስም፥ ለአንድ ብሔር፥ ለአንድ ሙያ፥ ለአንድ መንደር የጨዋታ ፍች ለመስጠት አፋችንን ስንከፍት አንድ ነገር እናስብ። ይህ ቃል ነገ ተመልሶ ወደ እኔ ቢመጣ እቀበለዋለሁን? ጆንሰን ፍቹ በተመለሰበት ጊዜ አልካደም፥ አልሸሸም፤ ያገኘውንም ገንዘብ ለችግረኛ አካፈለ። ታላቅነቱም ብዙ ቃላትን በማወቁ ብቻ ሳይሆን የገዛ ቃሉን ዋጋ በመክፈሉ ነው። አንደበታችን የፈታውን ሕይወታችን እንዳያፈርሰው እንጠንቀቅ።